ባዶው የስም መስመር

ዊንድዋርድ፣ ካሪያኩ
ማርች 6 ቀን 1962

ውድ ወንድሜ አልፎርድ፣

የመርከብ ሠሪህን የኤንሶንን ወረቀት ባሕር ውስጥ አልጣልሁም። አሩባ ድረስ ይህን ወሬ ያደረሰልህ መርከበኛ ወይ በቦታው አልነበረም፣ ወይ ነበረና ሰክሮ ነበር። የሆነው እንዲህ ነው፤ ወረቀቱን አነበብሁት፣ በቀይ ቀለም አረምሁት፣ መልሼ በእጁ ሰጠሁት። እጁን ሳይጨብጥ ነፋስ መጣና ወሰደው። ለቀዩ ቀለም እኔ ኃላፊ ነኝ። ለነፋሱ አይደለሁም።

ይህን ካስተካከልሁ በኋላ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ሰንብተሃል? ሳልህ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጉልበቴ እንዳትጠይቀኝ ነግሬህ ነበር፤ ጠይቀሃልና፣ ቁልቁለት ካልሆነ እሱም ደህና ነው።

መርከብህ ከምን ደረሰች ላልኸው፣ የጎን ሳንቃዋ በሚስማር ተመትቶ አልቋል። የኤንሶን ሁለት ልጆች ውኃ እንዳታስገባ በየመገጣጠሚያው ጥጥ እየጠቀጠቁ ናቸው። ከቤቴ በረንዳ ሆኜ መዶሻቸውን እሰማለሁ፤ ሲያርፉም እሰማለሁ። ኤንሶን ባሮ ከሰባ ዓመቱ ሃምሳውን መርከብ ሲሠራ ኖሯል፤ አንድም ቀን ንድፍ አይቶ አያውቅም። እንጨቱን ያየዋል፣ እንጨቱም ያየዋል፣ ከዚያ ይቆርጣል። ሥራው እንከን የለውም፤ ይህን ብላኛለች ብለህ ግን እንዳትጽፍለት።

ችግሩ ወረቀት ነው። አንተ «ጥቂት ወረቀት» ያልኸው ጥቂት አይደለም። የደሴቶቹን ደብዳቤ የማመላለስ ሥራ የሚሰጠው ለተመዘገበች መርከብ ብቻ ነው። ለመመዝገብ ደግሞ የሠሪው ምስክር ወረቀት፣ የመንግሥት ለኪ የሚሰጠው የልኬት ማረጋገጫ፣ የአንተ የባለቤትነት ቃለ መሐላ፣ መለያ ቁጥሯ በዋናው አግዳሚዋ ላይ እንዲቀረጽ የሚያዝ ወረቀት፣ በመጨረሻም ኤንሶን «አስረክቤአለሁ» ብሎ አንተ ወይም ወኪልህ «ተረክቤአለሁ» የምትሉበት የርክክብ ሰነድ ያስፈልጋሉ። ሁሉም ተሟልተው ሜይ 28 ቀን፣ ሰኞ፣ እኩለ ቀን ሳያልፍ በዋናው ደሴት መቅረብ አለባቸው። አንዲቱ ከጎደለች ደብዳቤያችንን የሌላ ደሴት መርከብ ያመላልሰዋል፤ ነዳጅ ማጣሪያው በጁን ሲያሰናብትህም የምትመጣበት ሥራ አይኖርህም። ሃያ አራት ዓመት ጠብቄሃለሁ። በአንዲት ወረቀት ምክንያት ሃያ አምስተኛውን አልጠብቅም።

እንግዲህ ኤንሶን የጻፈውን የመጀመሪያውን ምስክር ወረቀት፣ ነፋሱ ከመውሰዱ በፊት እንዳነበብሁት፣ ልገልብጥልህ።

«ርዝመት፦ በቂ። ስፋት፦ እግዚአብሔር እንደ ሰጠ። ሥራው የተጀመረበት ቀን፦ ካርኒቫል ካለፈ በኋላ። የሠሪው ሙያ፦ ሁሉም ያውቀዋል።»

«የትኛው ካርኒቫል ነው?» አልሁት።

«ያ ዝናብ የመታው ነዋ፣ እትዬ! እርስዎ ራስዎ ጃንጥላዎ የተገለበጠብዎ!»

ጃንጥላዬ አልተገለበጠም። ቢሆንም ዓመቱን በዚያ አወቅነው። በማግስቱ የልብስ መለኪያ ክር ይዤ ወረድሁ። ኤንሶን ክሩን አይቶ፣ «ልብስ ሊሰፉላት ነው?» አለኝ፤ ልጆቹ ሳቁ። «ሳልለካት ስንት ጫማ ትላታለህ?» አልሁት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አርባ ስድስት» አለ። ለካን። አርባ ስድስት ጫማ ከግማሽ ኢንች ሆነች።

«ግማሿ ኢንች ቀለሙ ነው» አለኝ።

አሁን ምስክር ወረቀቱን በሰው ቋንቋ እያስጻፍሁት ነው። አንተ የውክልናውን ወረቀት በቶሎ ላክ። የመርከቢቱ የክርስትና እናት እኔ እንድሆን ስለ ፈለግህ ስሟን በትንሽ ፖስታ አሽገህ ለብቻ ላክልኝ፤ ስሟ የሚወጣበትን ባንዲራ የምሰፋው እኔ ነኝና። ስሙን በደብዳቤህ ውስጥ እንዳታነሣው። ውኃ ሳይነካት ስሟ አይነገርም፤ ይህን የምልህ ልማዱን ረስተሃል ብዬ ሳይሆን፣ ረስተኸው እንዳይሆን ብዬ ነው።

የባለፈውን ደብዳቤህን አርሜ መልሼልሃለሁ። ስድስት ስሕተት ነው።

እኅትህ፣
ኢዝሜይ አ. ዱራንት


ሳን ኒኮላስ፣ አሩባ
ማርች 25 ቀን 1962

እትዬ ኢዝሜይ፣

ስድስት ብቻ? እያሻሻልሁ ነዋ! ድሮ አሥራ አንድ ነበር።

ሳሌ ለቆኛል። ይልቅ የለቀቀኝ እንቅልፍ ነው። እዚህ አብረውኝ የሚሠሩት «ዱራንት በሥራ ሰዓት ያፏጫል» ብለው ለአለቃው ነገሩብኝ። አለቃው ጠርቶ ምን ነካህ ቢለኝ፣ «ጌታዬ፣ መርከብ እየተወለደችልኝ ነው» አልሁት። ያገሬ ልጅ አይደለም፣ አልገባውም፤ ብቻ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ።

የውክልናው ወረቀት ከዚህ ጋር ነው። ውል አዋዋዩ ዘንድ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ፤ ማኅተሙ በትክክል ቦታው ላይ እንዲያርፍ ሁለቴ አስደገምሁት፤ አንቺን አስቤ። ከዚህ በኋላ በእኔ ስም ትፈርሚያለሽ። በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ ፊርማዬ የሚነበብ ይሆናል።

ስለ ክርስትና እናትነቱ እርግጠኛ ነኝ። ከአንቺ ሌላ የክርስትና እናት አልፈልግም። ኤንሶን ሁለት እንስት ፍየሎች ያሏትን አክስቱን እንደሚፈልግ ሰምቻለሁ። ለምርቃቱ የሚታረደውን ፍየል ከእሷ ይቀበል፤ ክርስትናውን ግን አንቺ ነሽ የምታነሺው።

ትንሿ ፖስታም አብራ አለች። ብቻሽን ሆነሽ ክፈቻት። ያሰብሁት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ መርከብ ሳይኖረኝ ስሟ ነበረኝ።

ታናሽሽ፣
አልፎርድ


ዊንድዋርድ፣ ካሪያኩ
ኤፕሪል 17 ቀን 1962

ውድ ወንድሜ አልፎርድ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁሉም በሥርዓቱ እየሄደ ነው ብዬ በላክሁልህ አጭር ወረቀት ላይ ያልነገርሁህ ነገር አለ። አንድ ጉዳይ ተቋጥሮ ነበር፤ ሳይፈታ ላስጨንቅህ አልፈለግሁም። አሁን ግማሹ ተፈትቷል።

የመርከብ መዝጋቢው ራሱ ሊለካት መጣ። ማን መሰለህ? ኤቨርስሊ ግሊን፤ ያ ሁልጊዜ የቀኝ ጫማውን በግራ እግሩ አድርጎ ትምህርት ቤት ይመጣ የነበረው። አሁን ጫማው በየቦታው ነው። ከሰል የመሰለ ኮት ለብሶ፣ ቅጹን በሰሌዳ ላይ አጣብቆ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ፣ ከወለሏ እስከ ሆዷ አንድም ሳይዘል ለካት። ኤንሶን «ሰውየው ከእኔ በላይ ዳበሳት» አለ። ርዝመቱ ትክክል፣ ስፋቱ ትክክል፣ የእንጨቱ ዓይነት ነጭ ዝግባ፣ ምሰሶ አንድ። እኔ ኮራሁ። ከዚያ ኤቨርስሊ ብዕሩን ወደ ላይኛው መስመር መለሰና፣

«የመርከቢቱ ስም?» አለ።

መዶሻዎቹ ሁሉ ቆሙ። ኤንሶን አፍንጫውን ጠረገ።

«የላትም።»

«ይኖራታል እንጂ።»

«ውኃ ሲነካት።»

«ወረቀቱ ውኃ እስኪነካት አይጠብቅም፣ አባባ ኤንሶን። ይህ ካልተሞላ ልኬቱን ማጽደቅ አልችልም፤ ልኬቱ ካልጸደቀ ቁጥር የለም፤ ቁጥር ከሌለ ምዝገባ የለም።»

«አንተ ልጅ፣ ያልተወለደን ትጠራለህ?» አለ ኤንሶን፤ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ስሟ ቀድሞ ስለ ወጣባት ስለዚያች የደቡብ መንደር መርከብ ጀመረ፤ ታስታውሳታለህ፣ ወደ ውኃ ከሚያወርዷት ተንከባላይ ግንዶች ላይ ሦስት ቀን አልነቃነቅ ያለችው። «አራት ፍየል በላች! አራት! ቄሱ ጠበል ጨርሶ የዝናብ ውኃ መባረክ ጀመረ!»

እንግዲህ እኔ በመካከል ገባሁ። «ኤቨርስሊ፣ መስመሩን ባዶ ተወውና ቀሪውን አጽድቅ፤ ስሟ ሲገለጥ ትሞላዋለህ» አልሁት።

ሰሌዳውን ደረቱ ላይ አቅፎ አየኝ። አልፎርድ፣ በልጁ ፊት ላይ ያየሁትን መናገር አልችልም፤ ደስታ ነበር።

«መምህርት፣ ‹ባዶ መስመር ገና ያልተነገረ ውሸት ነው› ያሉን ማን ነበሩ?»

ጫማውን አየሁ።

«በዚህች በአንዲት አባባል ሦስት ጊዜ ገርፈውኛል።»

«ሁለት ጊዜ ነው» አልሁት።

«ሁለት ጊዜ» አለ፤ ሰገደልኝ፤ ቅጹን አጥፎ ሄደ።

ኤንሶን ከኋላው፣ «እትዬ፣ የዘሩትን አጨዱ!» አለኝ። ኤንሶን አይነቃነቅም፤ እኔም አልገፋሁትም፤ ልማዱ የእኔም ነውና። ኤቨርስሊም አይነቃነቅም፤ እንዳይነቃነቅ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። እሱ እንደ ኤንሶን መርከብ ነው፤ ውኃ አያስገባም።

በሦስተኛው ቀን ግን መፍትሔውን ይዤ ጻፍሁለት፤ እሱም ተስማማ። አንተ ቃለ መሐላህን ስሟን ጨምረህ ትጽፋለህ፤ በሰም አሽገህ በቀጥታ ለኤቨርስሊ ትልካለህ። እሱ ሳይከፍት ይይዘዋል። ሜይ 26 ቀን፣ ቅዳሜ፣ መርከቢቱ ስትወርድ፣ ማኅተሙንና መዝገቡን ይዞ ራሱ ይመጣል። ውኃ ሲነካት ባንዲራው ይዘረጋል፤ ኤንሶን በባንዲራው ላይ ያየውን ስም በምስክር ወረቀቱ ላይ ይጽፋል፤ ኤቨርስሊ ፖስታህን ይከፍታል፤ ሁለቱ አንድ ከሆኑ እዚያው ይፈርማል። ከዚያ እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ያለው ጊዜ የባሕሩ ነው። ሌላ ቀን የለንም፤ ሌላ ወረቀት ከአሩባ እስኪመጣ ወር ይፈጃልና፣ የምትጽፈውን ሁለት ጊዜ አንብብ።

ትንሿን ፖስታ ብቻዬን ሆኜ ከፍቻለሁ። መልካም ስም ነው። ዓይኔ ጥቂት እንዳስቸገረኝ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። አንድ ስሕተት ነበረበት፤ አስተካክዬዋለሁ። ስለዚህ ከዚህ በላይ አንነጋገርም።

እኅትህ፣
ኢዝሜይ አ. ዱራንት


ሳን ኒኮላስ፣ አሩባ
ሜይ 8 ቀን 1962

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ዛሬ በሩጫ እጽፋለሁ። ቃለ መሐላውን ግን የኤቨርስሊ መልእክት ቀድሞ ስለ ደረሰኝ ባለፈው ሳምንት አሽጌ ልኬዋለሁ፤ በእጁ ይገባል። ስለዚያ አታስቢ።

የማስበው ስለ ሌላው ነው። «አንድ ስሕተት ነበረበት፤ አስተካክዬዋለሁ» ማለት ምን ማለት ነው? እትዬ፣ ስሙ ውስጥ ስሕተት የለም። ሌላውን ደብዳቤዬን ሁሉ በቀይ ቀለም ቀቢው፤ ይህችን አንዲት ቃል ግን እንደ ጻፍኋት ተዪልኝ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ መንገድ ላይ ዓይን ብዙ ነው። ብቻ በልጅነታችን ደብዳቤ ጫኚዋ መርከብ ስትጠጋ ደብዳቤ አዳዩ ከላይ ሆኖ የሚጮኸውን አስታውሺ። እኔ የጻፍሁት እሱ የሚጮኸውን ነው።

ሰዎቹ የደብዳቤ መርከቡ ሞተር ተሰብሮ መንገድ ላይ ቆሟል ይላሉ። ይህ ሳይደርስሽ ከቀረ እንግዲህ ምን ይባላል። እንዲደርስሽ እየጸለይሁ ነው፤ አንቺ ሳታርሚው።

አልፎርድ


ዊንድዋርድ፣ ካሪያኩ
ሜይ 27 ቀን 1962፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ውድ ወንድሜ አልፎርድ፣

ከወር በላይ ከአንተ ደብዳቤ አልደረሰኝም። ዝምታህን እንደ ስምምነት ቆጥሬው ነበር። ይህ የመጀመሪያው ስሕተቴ ነው። ሁለተኛውን ከዚህ በታች ታገኘዋለህ፤ ቅደም ተከተሉን እንዳላፋልስ ነው እንጂ ወዲያው በጻፍሁልህ ነበር።

መርከብህ ወርዳለች። ውኃ ላይ ናት። አታዘምም፣ አታፈስም። አሁን ልብህን አሳርፈህ አንብብ።

ትናንት ከማለዳ ጀምሮ መንደሩ ሁሉ ባሕር ዳር ነበር። ሴቶቹ የበቆሎ ገንፎና የርግብ አተር በትልልቅ ድስት አፍልተዋል፤ የኤንሶን አክስት ሁለቱንም ፍየሎች ሰጥታለች፣ እያጉረመረመች። ከበሮዎቹ ከቅዳሴ በፊት ጀመሩ፤ ቄሱ አልወደዱትም፣ ነገር ግን እግራቸው ሲመታ አይቻለሁ። ጠበል ረጩ፤ ኤንሶን ደግሞ በእሳቸው ላይ እምነት የጎደለው ይመስል ከኋላቸው እየሄደ የሩም አረቄ ረጨ።

ከዚያ ድጋፎቿ ተቆረጡ። በየቤተሰቡ አንድ ድጋፍ ነው፤ የእኛን ድጋፍ የኤንሶን ታላቅ ልጅ ስለ አንተ መታ። መጥረቢያዎቹ በዘፈኑ ልክ ይወርዳሉ። የመጨረሻው ሲሰበር እንደ ልማዱ ቀስ ብላ በጎኗ ተኛች፤ አንዲት ሳንቃ አልጮኸችም። ከዚያ ገመድ። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ቄስ፣ ሁሉም ገመድ ያዘ። እኔም ያዝሁ። «መምህርት፣ ጉልበትዎ!» አሉኝ። «የምስበው በእጄ ነው» አልኋቸው። ኤቨርስሊ ኮቱን አውልቆ፣ አጥፎ፣ በመዝገቡ ላይ አስቀምጦ ከእኔ ፊት ሳበ።

አፍንጫዋ ውኃ ሲነካ ኤንሶን እጁን አነሣ። የባንዲራውን ገመድ ሳብሁ። ተዘረጋ። ነጭ ጨርቅ፣ ቀይ ፊደል፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ።

«ፊሎሜና» ይላል።

አልፎርድ፣ ማንም አልጮኸም።

ከበሮው አንድ ሁለት ጊዜ መትቶ ቆመ። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት፣ «ፊሎሜና ደግሞ ማን ናት?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ፣ «የአሩባ ሴት ትሆናለች፤ አልፎርድ እዚያ አግብቶ ይሆን?» አለች። ኤንሶን ባንዲራውን አየ፣ እኔን አየ፤

«እትዬ፣ የማንን ልጅ ነው ክርስትና ያነሡብኝ?» አለኝ።

ኤቨርስሊ በተገለበጠ በርሜል ላይ ወረቀቶቹን ዘርግቶ ነበር። የፖስታህን ሰም ሰበረ፣ አነበበ፣ ባንዲራውን አየ፣ እንደገና አነበበ። ወደ እኔ መጥቶ በዝግታ፣

«መምህርት፣ ባለቤቱ የጻፉት ሌላ ነው» አለኝ። «በሁለት ስም የምትጠራ ሁለት መርከብ ናት። እኔ የማየው ግን አንዲት ብቻ ነው። መስመሩ አሁንም ባዶ ነው።»

ወረቀቱን አሳየኝ። በአንተ እጅ፣ በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈትህ፣ «ሜና» ይላል። ልክ በትንሿ ፖስታ ውስጥ እንደ ነበረው። ልክ እኔ ስሕተት ነው ብዬ እንዳረምሁት።

አሁን ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን እነግርሃለሁ፤ አንተ ገና አልተወለድህም ነበር። ሰባት ዓመቴ ነው፣ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ቀን ነው። መምህርቷ «የእናትሽ ስም ማን ነው?» አለችኝ። «ሜና» አልኋት። «እንዲህ ያለ ስም የለም» አለችኝና መዳፌን በማስመሪያ ሦስት ጊዜ መታችኝ። ሦስት ነው፤ ቆጥሬአለሁ። ማታ እማማ እጅሽን ምን ነካው ስትለኝ ወደቅሁ አልኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ስም በወረቀት ላይ ጽፌው አላውቅም። ስትሞት እንኳ በመቃብሯ ላይ ሙሉ ስሟን «ፊሎሜና» አስቀረጽሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው መቃብሩን ሳያገኝ ለምን እንደ ተመለሰ አሁን ገባኝ።

ቆሜ ይህን ሳስብ ሕዝቡ ይጠብቃል። ኤንሶን እንደሆነ በጨርቁ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ከአንተ ሌላ ቃለ መሐላ ለማምጣት ወር ይፈጃል። የቀረን ሁለት ቀን ነው። መለወጥ የሚችለው ጨርቁ ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔ ሥራ ነው።

ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ስሕተቱ የእኔ ነው» አልሁ።

አልፎርድ፣ ባንዲራው ሲዘረጋ ያልሆነው ያኔ ሆነ። ሰው ጮኸ! ኤቨርስሊ ብዕሩን ጣለ። ኤንሶን ጆሮውን እየጠረገ፣ «እስቲ ይድገሙት፣ ልጆቼ አልሰሙም!» አለኝ። አልደገምሁትም። ባንዲራውን አውርዱልኝ አልኋቸው። አንዱ ፍየሉ የታረደበትን ቢላ አቀበለኝ፤ ጨርቅ በቢላ አይቀደድም ብዬ መለስሁት። መቀስ ከቤቴ እስኪመጣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ቄሱም ጭምር፣ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ከፊት ያለውን «ፊሎ»ን ቀጥ አድርጌ ቆረጥሁት። ቀሪው ወጣ።

ለመጮህ የቀደመችው ያችው አሮጊት ናት። «ሜና!» አለች። ከዚያ ሁሉም፣ ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ «ሜና! ሜና!» በዚያ የደብዳቤው ሰውዬ በሚጮኽበት ድምፅ፤ ከመርከቡ ላይ ከረጢቱን አንሥቶ፣ ለእማማ ደብዳቤ ሲመጣላት፣ እሷም ሽርጧን ሰብስባ ስትሮጥ። እንደዚያ የተጠራችው በወረቀት አይደለም፤ በባሕር ዳር ነው። ረስቼው ነበር።

መርከቢቱ በዚያው ጩኸት ውስጥ ገባች። ማንም የገፋት አልመሰለኝም።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ኤንሶን ስሟን በምስክር ወረቀቱ ላይ ጻፈ፤ አጭር በመሆኑ ተደሰተ። ኤቨርስሊ አነጻጸረ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ፣ የቁጥሩን ትእዛዝ ሰጠ። ኤንሶን መሮውን ይዞ ገብቶ በዋናው አግዳሚ ላይ ቁጥሯን ቀረጸ፤ እኔ በሻማ እያነበብሁለት፣ ከላይ ሰው እየጨፈረብን። የርክክቡን ሰነድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ፈረምን። «ተረክቤአለሁ» ብዬ በአንተ ስም ጻፍሁ። መርከቢቱ ትወዛወዝ ነበርና ፊርማው የአንተን መሰለ።

ነገ ማለዳ ኤንሶንና ልጆቹ ኤቨርስሊን ከነወረቀቶቹ ይዘው ይሄዳሉ። ነፋሱ መልካም ነው። ቢሆንም እስኪመለሱ አልተኛም ማለት ትክክል አይሆንም፤ አልጋ ላይ እሆናለሁ።

እኅትህ፣
ኢዝሜይ አ. ዱራንት


ዊንድዋርድ፣ ካሪያኩ
ሜይ 30 ቀን 1962

ውድ ወንድሜ አልፎርድ፣

ሥራው የአንተ ነው። ኤቨርስሊ ወረቀቶቹን ያስረከበው ሰኞ፣ ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀር ነው። የተቀበሉት ሰዎች ገጽ በገጽ አገላብጠው አንድ ባዶ መስመር ፈለጉ፤ አላገኙም። ኤንሶን ይህን ሲነግረኝ ቆሞ ነው የነገረኝ፤ «አንድም ባዶ የለም፣ እትዬ! አንድም!» ይላል፤ እሱ ራሱ የሞላው ይመስል። ለሰው ሁሉ ደግሞ ርዝመቷ «በቂ» ነው እያለ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሜና የመጀመሪያውን የደብዳቤ ከረጢት ይዛ ገባች። ባሕር ዳር ወርጄ ነበር፤ ቁልቁለቱን ወርጄ፤ አትጠይቀኝ። የኤንሶን ታላቅ ልጅ ከላይ ሆኖ ከረጢቱን ፈታ፣ የመጀመሪያውን አወጣ፣ ጮኸ፤

«ኢዝሜይ ዱራንት!»

ሜይ 8 ቀን የጻፍኸው ደብዳቤ ነው። ሞተሩ ተሰብሮ በየወደቡ ሲያድር ቆይቶ፣ በስተመጨረሻ እንዳላርማት የለመንኸኝን ቃል ሜና ራሷ አምጥታ ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ አነበብሁት። ለጠየቅኸኝ መልሱ ይህ ነው፤ አላረምሁትም። ማለት፣ አረምሁት፤ ከዚያ እርማቴን አረምሁት።

በዚህ ደብዳቤህ አራት ስሕተት አለ። አልመልሰውም፤ እኔ ዘንድ ይቀመጣል።

ለጁን ትኬትህን ቁረጥ። ከዋናው ደሴት ወዲህ ግን በሌላ መርከብ እንዳትመጣ።

እኅትህ፣
ኢዝሜይ አ. ዱራንት

ከፈረሙ በኋላ መጨመር ሥርዓት አይደለም፤ ተማሪዎቼን በዚህ ቀጥቻለሁ። ሆኖም ነገ መጀመሪያ የማደርገው እንዲህ ነው። የባንዲራውን የተቆረጠ ጠርዝ አጥፌ እሰፋለሁ፤ ተተልትሎ እንዲውለበለብ አልፈቅድም። ከዚያ የቤታችንን መጽሐፍ ቅዱስ አውርጄ፣ የቤተሰቡ ስም በተጻፈበት ገጽ «ፊሎሜና» ካለው አጠገብ፣ በቀይ ቀለም፣ «ሜና ትባል ነበር» ብዬ እጽፋለሁ። የአንተን ክፍል መስኮት እከፍታለሁ። ከዚያ ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ እወርድና ይህን ደብዳቤ ለሜና እሰጣታለሁ።